አገርህን እወቅ ፦ ውሃን ተከትሎ ወደ አዋሽ በረሃ

በረሃ የሚለውን ቃል ስንሰማ አብዛኞቻችን የምናስበው ባዶ ምድርን ነው። አሸዋና ድንጋይ፣ እሾህና ፀሐይ ብቻ ያለበት፣ መንገደኛም በቶሎ አልፎት ሊሄድ የሚገባው ስፍራ ይመስለናል። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውም ካርታ ይህንኑ አሳብ ያጸናልናል፤ ከተሞቹና መንገዶቹ በደጋው ላይ ተጨናንቀው ሲታዩ፣ ቈላው ግን ስምና ምልክት ሳይበዛበት ሰፊና ዝም ያለ ሆኖ ይታያል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ሰሐራን መሻገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዋሽ ሰባት ኪሎ መድረስ ይበቃል። በዚህ መንገድ ላይ እሳተ ገሞራ፣ ፏፏቴ፣ ፍል ውሃ፣ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የመጣ ሐይቅ፣ ውሃ ሳይጠጣ የሚሰነብት አውሬ፣ ከብቱንና ግመሉን ይዞ የሚኖር ሕዝብ ይገኛሉ። ለዛሬ የመረጥንላችሁ ጕዞ ይህ ነው። ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ ወጪውም በኅብረት ከተያዘ ተማሪንም ሆነ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛን ዕዳ ውስጥ አይጥልም።

ነገር ግን ጕዞው ሽርሽር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ምክር እናስቀድም። ይኸውም በረሃን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ውሃውን ይከተል የሚል ነው። በደጋ አገር ውሃ በየስፍራው ስለሚገኝ ማንም ልብ አይለውም። በበረሃ ግን ዛፉ የበቀለበት፣ አውሬው የተሰማራበት፣ መንደሩ የተቈረቈረበት፣ ጠቡም የተነሣበት ምክንያት ሲመረመር መጨረሻው ውሃ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በመንገዳችሁ ላይ ባያችሁት ነገር ሁሉ ፊት ቆማችሁ «ይህ ውሃውን ከየት ያገኛል? ያገኘውስ ከማን ድርሻ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ዝግጅት

ከወጣቶች መካከል የራሱ መኪና ያለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአንድ ክፍል ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት አሥር ያህል ባልንጀሮች ተሰባስባችሁ አንድ ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ። ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ቍርጥ አድርጉ፤ ነዳጁ የማን እንደ ሆነ፣ የሾፌሩ ምግብና መኝታ በማን እንደሚቻል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሦስት ቀን ወዳጅነት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በዓል ዐርብ ወይም ሰኞ የሚውልበትን ሳምንት ከመረጣችሁ ከሥራም ከትምህርትም ሳትቀሩ ሦስት ቀን ታገኛላችሁ። ወራቱም ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ይሻላሉ፤ በግንቦትና በሰኔ በአዋሽ ሜዳ ሙቀቱ አንዳንድ ቀን 40 ዲግሪን ያልፋልና።

ውሃን ተከተሉ ስንል በቅድሚያ የራሳችሁን ውሃ ያዙ ማለታችን ነው። ለአንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር አስቡ፤ ለመኪናውም ራዲያተር በጀሪካን ለይታችሁ ጫኑ። ጥም እስኪያቃጥላችሁ ሳትጠብቁ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ጠጡ። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስ፣ ተረከዙ የጠነከረ ጫማ፣ የእጅ ባትሪና ትርፍ ጎማ አይረሱ።

መንገዱ ሰላም መሆኑንም ጠይቃችሁ ተነሡ። ለመጠየቅ የሚሻሉት በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችና የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ናቸው። እነርሱ «አሁን አይሆንም» ካሏችሁ ጕዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ፈሪ አያሰኝም፤ በረሃው ተነሥቶ አይሄድም።

ከደጋ ወደ ቈላ

ከአዲስ አበባ ሌሊት በ11 ሰዓት ብትነሡ የማለዳውን ብርድ በደጋ ትታችሁ፣ የቀኑ ሙቀት ሳይበረታ ቈላ ትገባላችሁ። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገዱ ስላለ ጕዞው ቀላል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን፣ አዳማ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ መተሐራ ስትደርሱ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ትወርዳላችሁ። በሦስትና በአራት ሰዓት ውስጥ ካፖርት ከሚያስለብስ አገር ሸሚዝ ወደሚያስከፍት አገር መውረድ በራሱ አንድ ትምህርት ነው። ቢሾፍቱ ላይ የምታዩአቸው ክብ ሐይቆች ጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳባቸው ጕድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ውሃዎች ናቸው። ወደ ስምጥ ሸለቆ እየገባችሁ ለመሆኑ የመጀመሪያ ምልክቶቻችሁ እነርሱ ናቸው።

የጕዞው ባለቤት የሆነውን ወንዝ ገና አላያችሁትም፤ ግን ቀድሟችኋል። አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። ወደ ደቡብ ዞሮ ስምጥ ሸለቆ ይገባና ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቅንቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሞጆ በስተደቡብ በቆቃ ግድብ ይቈማል። ይህ ግድብ በጣልያን የጦር ካሳ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ ለኤሌክትሪክ ኀይል ብቻ ሳይሆን በታች ላሉት እርሻዎች የወንዙን ውሃ ክረምት ከበጋ አመጣጥኖ ለመልቀቅም ያገለግላል። ከአዳማ በስተደቡብ ደግሞ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አለ። የሆላንድ ኩባንያ የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. አቋቁሞት በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ የአገራችን የስኳር ኢንዱስትሪ በኵር ነው።

እዚህ ላይ በቁርስ ቤት ተቀምጣችሁ ሻያችሁን ስታማስሉ አስቡበት። ሸንኰራ አገዳ ውሃ የሚወድ ተክል ነው፤ ዝናብ በሚያንስበት ቈላም የሚበቅለው አዋሽ ስለሚጠጣ ነው። ስለዚህ በብርጭቋችሁ ውስጥ ያለው ስኳር ቅርጹን የለወጠ የአዋሽ ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ካሰባችሁ ወንዙን ከማየታችሁ በፊት የወንዙ ተካፋዮች መሆናችሁን ታውቃላችሁ።

እየሰፋ የመጣው ሐይቅ

ወለንጪቲን አልፋችሁ ወደ መተሐራ ስትቃረቡ ምድሩ በድንገት ይጠቍራል። መንገዱን ከግራና ከቀኝ የከበበው እንደ ከሰል የጠቆረ ድንጋይ፣ ከፈንታሌ ተራራ ሥር ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነው። ከፍሰቶቹም መካከል በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የወጣ ይገኝበታል፤ በከርሰ ምድር ታሪክ ሲለካ ትናንት ማለት ነው።

ከጥቁሩ ድንጋይ ጋር የበሰቃ ሐይቅ ይታያችኋል። ሐይቁን ከመኪና ወርዳችሁ ተመልከቱት። በ1950ዎቹ ዓመታት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረ ትንሽ ውሃ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የግጦሽ መሬት ውጧል፤ አውራ ጐዳናውና አሮጌው የባቡር ሐዲድ በየጊዜው ከፍ እየተደረጉ እንዲሠሩ አስገድዷል፤ የመተሐራንም ከተማ ሲያሰጋ ኖሯል።

ውሃ በሚያንስበት አገር ውሃ በዝቶ ሲያስቸግር ማየት ግራ ያጋባል። ሊቃውንቱ ምክንያቱን አንድ ብቻ አያደርጉትም። ከምድር በታች የሚመጣው የፍል ውሃ ምንጭ መጨመሩን ይጠቅሳሉ፤ ከአካባቢው የመስኖ እርሻ ተርፎ የሚሰርገውንም ውሃ ይቈጥራሉ። ይልቁንም የሚያሳዝነው ውሃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ስለሆነ ለመጠጥም ለመስኖም የማይመች መሆኑ ነው። ሞልቶ ወደ አዋሽ ቢገነፍል በታች ያሉትን ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ሁሉ ይጎዳል፤ ለዚህም ሲባል በመጠን እየተለካ ወደ ወንዙ እንዲለቀቅ ቦይ ተቈፍሮለታል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል፤ የበሰቃም ጎረቤት በሐይቅ ዳር ቆሞ የሚጠጣው ሊያጣ ይችላል።

በሳላ ሜዳ

ከመተሐራ ጥቂት አለፍ ስትሉ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በር አለ። ፓርኩ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተከልሎ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የታወጀ ሲሆን፣ ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አውራ ጐዳናው ለሁለት ይከፍለዋል፤ በደቡብ በኩል የኢላላ ሳላ ሜዳና ፏፏቴው፣ በሰሜን በኩል የፈንታሌ ተራራና ፍል ውሃው ይገኛሉ። የመግቢያውን ዋጋ ክፈሉ፤ ደረሰኙንም ተቀበሉ። ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ጠባቂ አብሯችሁ እንዲሄድ ጠይቁ። ጠባቂው አውሬውን ከሩቅ የሚለይበት ዐይን አለው፤ ቀኑን ሙሉ ብትጠይቁትም አይሰለቸውም።

የሜዳው ጌታ ሳላ ነው። ሰውነቱ አመድማ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዶቹም እንደ ጦር ቀጥ ብለው የረዘሙ ናቸው። ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው። ከጐን ስታዩት ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ። አሁን የለመዳችሁትን ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ አውሬ ውሃውን ከየት ያገኛል? መልሱ ያስደንቃል። ሰው ሙቀት ሲበረታበት በላብ ይበርዳል፤ ላብ ግን ውሃን ማውጣት ነው። ሳላ ውሃ ሲያጣ ላቡን ይቈጥብና የሰውነቱ ሙቀት እንዲወጣ ይተወዋል። ሰውን በሚገድል መጠን፣ እስከ 45 ዲግሪ ሲደርስም ይታገሣል። ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ከአፍንጫው በሚመለሰው የቀዘቀዘ ደም ስለሚበርድ አንጎሉ አይጎዳም። ቀን ያጠራቀመውንም ሙቀት ሌሊት ለነፋሱ ይለቃል። ደግሞም በሌሊት ይግጣል፤ ቀን የደረቀው ቅጠል ሌሊት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣልና፣ ሳላው ቅጠሉን ሲበላ ውሃውንም አብሮ ይበላል።

በዚሁ ሜዳ የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮና ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ ዲክዲክ ይታያሉ። የአዕዋፉ ዐይነት ከ450 በላይ ነው። ለማየት የሚመቸው ከፀሐይ መውጫ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከማታው 10 ሰዓት በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ የሚዞር ተጓዥ ከአቧራ በቀር የሚያየው ጥቂት ነው፤ አውሬው በጥላ ሥር ነውና። እናንተም እንደ አውሬው አድርጉ፤ ምሳችሁን በልታችሁ በግራር ሥር ዕረፉ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፏፏቴው ውረዱ። አዋሽ ከዝናብ ወራት በኋላ አፈር የጠገበ ቡናማ ውሃውን በጥቁር ድንጋይ ላይ እየጣለ ወደ ገደሉ ይገባል። ከደጋ የተሸረሸረው አፈር እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። በወንዙ ውስጥ አዞ ስላለ መዋኘት አይታሰብ።

በፏፏቴው አካባቢ ሁለት ዐይነት ዝንጀሮዎች ይገናኛሉ። አንደኛው ከላይ ከወንዙ ዳር የሚመጣው የወይራ መልክ ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደረቁን ቈላ የለመደው፣ ወንዱ እንደ ካባ የተንዠረገገ ብርማ ጋማ ያለው ነው። የጥንት ግብፃውያን ይህን ባለ ጋማ ዝንጀሮ ከአምላኮቻቸው ጋር ይቈጥሩት ነበር። በአዋሽ ሁለቱ ዐይነቶች እርስ በርስ ስለሚዋለዱ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሥነ ፍጥረት ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ አጥንተዋቸዋል። እናንተ ግን ሙዝና ዳቦ አትወርውሩላቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ነገ መኪና ሰብሮ ይገባል፤ ከነገ ወዲያም በጥይት ይመታል። የገደለው ያ የተወረወረው ሙዝ ነው።

ፍል ውሃና የሚንቀሳቀስ ምድር

ሁለተኛውን ቀን ለሰሜኑ ክፍል አድርጉት። ከአውራ ጐዳናው ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሸካራ መንገድ ሲኬድ ከደረቁ ምድር መካከል የዘንባባ ደን ብቅ ይላል። በዘንባባው ሥር ያለው ውሃ እስከ ታቹ የሚታይ ሰማያዊ ነው። አያታልላችሁ፤ ፍል ውሃ ነው። አንዳንዱ ኵሬ ለገላ የሚስማማ ሲሆን፣ አንዳንዱ ግን ያቃጥላል። ጠባቂውን ሳትጠይቁና በእጃችሁ ሳትፈትኑ ዘላችሁ አትግቡ።

ውሃውን የሚያሞቀው ከምድር በታች ያለው እሳት ነው። ስምጥ ሸለቆ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተለያየ የሚሄድ የምድር ስንጥቅ ነው። 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራም በዚሁ ስንጥቅ ላይ የቆመ፣ አናቱ ወደ ውስጥ የተደረመሰ እሳተ ገሞራ ነው። ይህም በመጽሐፍ ብቻ የሚነገር አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች በስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ለወራት ያህል ምድር ተንቀጥቅጧል። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በዶፈን አጠገብ እንፋሎትና አቧራ ከምድር ተተፋ፤ የካቲት 7 ቀንም ልኩ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቤቶች ተሰነጣጠቁ፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ስለዚህ ወደ ተራራውና ወደ ፍል ውሃው ከመውጣታችሁ በፊት የጽሕፈት ቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። በሰፈር የምታገኙትንም ሰው እንደ ተራ ባለ አገር አትለፉት፤ በዚያ ክረምትና በጋ ያየውን ብትጠይቁት ከማንኛውም አስተማሪ የበለጠ ያስተምራችኋል።

የበረሃው ባለቤቶች

ፍል ውሃው ዘንድ ብቻችሁን አይደላችሁም። እረኞች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ይህ አገር የከረዩ ኦሮሞዎች፣ የኢቱዎች፣ የአርጎባዎችና የአፋሮች ነው። ስታገኟቸው ካሜራችሁን አስቀድማችሁ አታንሡ። «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ ሽማግሌ ካለ «ኦቦ» ብሎ ማክበር፣ ከዚያ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው ማለት ነው፤ የገባችሁትም በሰው ቤት ነው።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ እናንሣ፤ ያገኘውስ ከማን ድርሻ ነው? ቈላው ሲደርቅ የከረዩ እረኛ መጠጊያው የአዋሽ ዳርቻ ነበር። በክረምት ከብቱን ወደ ሩቁ ሜዳ ያሰማራል፤ በበጋ ወደ ወንዙ ይመለሳል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከወንዙ ዳር 10,000 ሄክታር ያህል መሬት ለመተሐራ የስኳር እርሻ ዋለ፤ ሌላው ሰፊ ሜዳ ደግሞ ፓርክ ሆኖ ተከለለ። ይህን የወሰኑት ሰዎች ክፉ አሳብ ነበራቸው ለማለት አይደለም። ስኳሩ ለአገር ያስፈልጋል፤ በሺህ ለሚቈጠሩ ሠራተኞችም እንጀራ ሆኗል። ፓርኩም ባይከለል ኖሮ ዛሬ ሳላን የምናየው በሥዕል ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ካርታውን ዘርግተው መስመር ያሰመሩት ሰዎች ያዩት ባዶ ሜዳ ነው። እረኛው በመስመሩ ቀን በዚያ አልነበረምና አልተቈጠረም፤ ከብቱን ይዞ በወቅቱ ሲመለስ ግን መንገዱ ተዘግቶ ቆየው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ችግር ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። በድርቅ ዓመት እረኛው ከብቱን ወደ ፓርኩ ያስገባል፤ ጠባቂው ይከለክላል፤ ሳላውም ሣሩን ከከብት ጋር ይሻማል። እረኛውም፣ ጠባቂውም፣ ሳላውም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ውሃና ሣር። በመኪና መስኮት ከብት በፓርክ ውስጥ አይታችሁ «ሕግ የማያውቁ!» ብላችሁ ለመፍረድ ከመቸኰላችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ወንዙ የሚያልቅበት

ሦስተኛውን ቀን ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሄዳችሁ ገደሉን ተመልከቱ። ወንዙ ከጥልቅ ሸለቆ ውስጥ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ከተማዋን የወለዳት በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳዮች ባቡር ነው፤ ዛሬ በእንፋሎቱና በናፍጣው ፈንታ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ የሚያመላልሰው የኤሌክትሪክ ባቡር በአዲስ ሐዲድ ያልፋል። ከከተማዋ ወዲያ የአላይደጌ ሜዳ አለ፤ ቀጫጭን መስመር ያለው የሜዳ አህያ የሚገኝበት ነው። ይህ እንስሳ በፈረንጆች ዘንድ የግሬቪ ስም የተሰጠው፣ በ1870ዎቹ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንዱን ስጦታ ስለላኩላቸው ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት አራዊት አንዱ ነው።

ጊዜያችሁ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ወንዙ ግን ይቀጥላል። ወደ ሰሜን በአፋር ምድር ይወርዳል። በ1970ዎቹ ለጥላና በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ በዚያ ከአትክልተኛው እጅ አምልጦ የግጦሹን ሜዳ ወርሮታል፤ ሥሩ ጥልቅ ነውና እርሱም ከውሃው ተካፋይ ሆኗል። ከዚያም አዋሽ በሐዳር አጠገብ ያልፋል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው በዚያ ነው። እርሷ በኖረችበት ዘመን ያ ዛሬ የደረቀ ምድር ሐይቅና ዛፍ የነበረበት ነው። በመጨረሻም አዋሽ በጅቡቲ ድንበር ላይ ካለው ከአቤ ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም የሚወጣበት የለም። ብዙ ወንዞች ወደ ባሕር ሲደርሱ፣ አዋሽ የደጋውን ዝናብ ሁሉ ለቈላው አካፍሎ፣ የተረፈውን ለፀሐይ ሰጥቶ ያልቃል።

ስለዚህ ላይ የተወሰደው ሁሉ ታች ይጎድላል። በአዲስ አበባ ወደ ወንዝ የሚጣለው ቍሻሻ፣ በወንጂና በመተሐራ የሚጠጣው መስኖ፣ በበሰቃ የሚለቀቀው ጨዋማ ውሃ ሁሉ ተደምሮ የሚደርሰው ታች ካለው ከአፋሩ አርቢ ነው። ዐይኑ ያላየውን ሰው ደግሞ ማንም በቀላሉ ይረሳዋል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጕዞ ለእናንተ ለተማሪዎችና ለጀማሪ ሠራተኞች የመረጥነው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዛሬ ደብዳቤ የምትመዘግቡ፣ ነገ ደብዳቤ የምትፈርሙ ናችሁ። አንድ ቀን በጠረጴዛችሁ ላይ ከእነ ካርታው አንድ ፋይል ይቀርባል። እርሻ ይሁን፣ ግድብ ይሁን፣ መንገድ ይሁን፣ ፓርክ ይሁን፣ በካርታው መካከል ስም ያልተጻፈበት ሰፊ ሜዳ ይኖራል፤ በጐኑም «ሰው ያልሰፈረበት» የሚል ማስታወሻ ይገኝ ይሆናል። ፈንታሌን ከሩቅ ያየ፣ በሳላው የተደነቀ፣ በፍል ውሃው ዳር ከከረዩ ሽማግሌ ጋር የተጨዋወተ ሰው ያን ማስታወሻ እንዳለ አይቀበለውም። «በበጋ የሚመጣ ማን ነው? ውሃውንስ ከየት ያገኛል?» ብሎ ፋይሉን ይመልሳል።

እንግዲህ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። በየቆማችሁበት የቦታውን ስም፣ ውሃው የሚገኝበትን፣ የሚጠጡትንም ሰዎችና እንስሳት ጻፉ። ስትመለሱ የመሥሪያ ቤታችሁን ወይም የትምህርት ቤታችሁን ካርታ ፊት ለፊት ቆማችሁ ያን ባዶ ሜዳ ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩት። ጀሪካኑን ሞልታችሁ መነሣትን ግን አትርሱ።